አንድ ስንዝር ያጠረ መጋረጃ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ አባቴ፣ ለአባ ወልደ ሐዋርያት፤

ቡራኬዎ ውኃውን ተሻግሮ ይድረሰኝ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? ባለ ጀልባው ገድሉ ጀልባውን ሲያስር አገኘሁትና «አባ ‹ልጄ ምነው ዝም አለችኝ› ብለዋል» አለኝ። ዝም ያልሁት በክፋት አይደለም፤ ይቅር ይበሉኝ። የተማሪ ፈተና ሳርም ከረምሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አሁን የምነግርዎ ነገር ያዘኝ። ጤናዬ ደኅና ነው። እበላለሁ። ብቻዬን በመኖሬም አይጨነቁ፤ ጎረቤቴ እትዬ አገርነሽ እርስዎ ከሚቆጣጠሩኝ በላይ ትቆጣጠረኛለች።

የኮሌጃችን የተውኔት ክበብ ዘንድሮ «የደም እንግዳ» የሚባለውን የድሮ ተውኔት በመድረክ ያሳያል። አዘጋጇ እኔ ነኝ። እኛ ተማሪ ሳለን የተማርነው፣ እኔም እስከ ዛሬ የማስተምረው ነው። ታሪኩ አጭር ነው። አንዲት ባልቴት አንድ ልጇ ተገድሎባታል። ሐዘን ተቀምጣ ሳለች አንድ የደከመ ሰው ከደጇ ቆሞ የእግዜር እንግዳ ነኝ ይላል። ታስገባዋለች፤ ውኃ በቅል ታቀርብለታለች። ሰው ገድሎ የሚሸሽ መሆኑን አይደብቃትም፤ የሟቹን ስም ሲጠራ ግን የልጇ ስም ሆኖ ይገኛል። ቅሉ በእጇ እንዳለ መጋረጃው ይዘጋል። ሲከፈት ነግቷል። እንግዳው የለም፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቅሉ መሬት ላይ ነው፤ ውኃው ጎድሏል። የመንደሩ ሰው ምን አደረግሽው እያለ ይጠይቃታል፤ እስከ መጨረሻው አትመልስም።

ቅሉ የሞት ምሳሌ ነው ብዬ ነበር ዘንድሮም የጀመርሁት። እኔንም ያስተማሩኝ እንዲያ ብለው ነው፤ በፈተናም የሚመጣው እሱ ነው። ባልቴቲቱን ሆና የምትጫወተው ተማሪዬ ሔራን ግን እጇን አወጣችና «መምህርት፣ ሞት ከሆነ ለምን ውኃ ተቀዳበት?» አለችኝ። ሰዓቱ ደርሷል ብዬ አሰናበትኋቸው፤ ሰዓቱ ግን አልደረሰም ነበር።

ስለዚህ መጽሐፉን አስገልብጬ በገድሉ እጅ ልኬልዎታለሁ። ዕድሜዎን ሙሉ የመጻሕፍት መምህር ሆነው ለደቀ መዛሙርት ሲተረጉሙ እንደኖሩት፣ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያሉ ይተርጉሙልኝ። ያ ደሴት ሴት ባይከለከልበት ኖሮ ራሴ መጥቼ ከእግርዎ ሥር እቀመጥ ነበር።

ልጅዎ ሰብለ ወንጌል


ከገዳሙ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰብለ፤

ሰላም ከደጅሽ አይታጣ። ጉልበቴን ጠይቀሻል፤ ጉልበቴ ዐመለኛ በቅሎ ሆኗል፤ ሲፈልግ ይሄዳል፣ ሲፈልግ ይለግማል። ይልቅ ያንቺ የግራ እግር ጠባሳ ብርድ ሲገባ ያምሻል ወይ? ዘጌ ሳለን የቡና ጉቶ የወጋሽ ለት ከጫካው እስከ ወደቡ ተሸክሜሽ ስሮጥ፣ አንቺ ጀርባዬ ላይ ሆነሽ «አባዬ ቀስ በል፣ ትወድቃለህ» ትይኝ ነበር። ዛሬም እሱ ቃልሽ ያስቀኛል።

መጽሐፉ ደርሶኛል። ለብቻዬ ላነበው ነበር፤ አባ ጊዮርጊስ ግን ምንድን ነው እሱ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። እሱ ደግሞ ጆሮው ስለማይሰማ ጮክ ብዬ ማንበብ ግድ ሆነብኝ፤ ጮክ ብዬ ሳነብ ማኅበሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ባልቴቲቱ ምን አደረገችው በሚለው ነገር መነኮሳቱ ሁለት ወገን ሆነው ይከራከራሉ። አባ ጊዮርጊስ፣ የዋህ መስሎሽ የምታውቂው፣ ገድላዋለች ባይ ነው።

እንግዲህ ትርጓሜውን ስሚ። በመጽሐፉ የሚናገሩት ሰዎች ሁሉ ስማቸው ከፊት ተጽፏል። አንድ ተናጋሪ ግን ስም የለውም። «ትገባለች» ይላል፣ ትገባለች። «ያለቅሳል» ይላል፣ ያለቅሳል። ማንም አይመልስለትም፣ ማንም እምቢ አይለውም፣ ያለው ሁሉ ወዲያው ይሆናል። እንዲህ ያለ ተናጋሪ እኔ አንድ ብቻ ነው የማውቅ። ስሙን ያልጻፈው ደራሲው ቢፈራ ነው አልሁ፤ ፍርሃቱንም ወደድሁለት።

ያ ስም የሌለው ተናጋሪ በመካከል «መጋረጃ ይዘጋል። ረጅም ዝምታ።» ይላል። ልጄ፣ እዚህ ላይ ስደርስ መልሼ አነበብሁት። በቤተ መቅደስ መጋረጃ የሚዘጋው የሚሠራው ነገር ትንሽ ሆኖ አይደለም፤ ዓይን ባይችለው ነው። ባልቴቲቱ ያደረገችው ክፉ ቢሆን ኖሮ ሰው እያየ ይደረግ ነበር፤ ክፉን ማየትማ ለምደነዋል። ሰው የማይችለውን ብታደርግ ነው የተጋረደ።

ቅሉን ጠይቀሽኛል። የውኃው መጉደል አንድም ገዳዩ ጠጥቶት ነው፤ ጠላቷን አጠጣችው ማለት ነው። አንድም የልጇን ደም ከገዳዩ እጅ አጥባበት ነው። ሦስተኛ አለው። ይሸተኛል፤ ግን አልመጣልኝም። ተማሪሽን ግን ሳሚልኝ፤ መልስ ከሚያውቅ ይልቅ እንዲህ የሚጠይቅ ይበልጣል።

አባትሽ አባ ወልደ ሐዋርያት


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተወደዱ አባቴ፤

እጅ ነሥቻለሁ። እግሬ አያመኝም፤ ጠባሳው ግን እንዳለ ነው። ሳሚልኝ ያሉኝንም ሔራንን ስሜያታለሁ፤ አባ ሳሚልኝ ስላሉኝ ነው ስላት ደንግጣ ቆማ ቀረች።

አሁን ሳልስቅም ሳላፍርም የምነግርዎ ነገር አለ። ያ ስም የሌለው ተናጋሪ ተናጋሪ አይደለም። ደራሲው ለተዋናዮቹ የሚጽፈው መመሪያ ነው፤ ግቡ፣ ውጡ፣ መጋረጃ ዝጉ የሚል። በመድረክ ማንም አያነበውም። እርስዎ ቲያትር አይተው ስለማያውቁ እንደ ቃል ቆጠሩት።

ይህን ከነገርሁዎ በኋላ ቀጥሎ የሆነውን ይስሙ። ደብዳቤዎን ለልጆቹ አነበብሁላቸው። መጀመሪያ ሳቁ። «እንዲህ ያለ ተናጋሪ እኔ አንድ ብቻ ነው የማውቅ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቁ ቆመ። መጋረጃው ላይ ስደርስ አንድም የሚያስል አልነበረም። ይህን ተውኔት ስንት ዓመት አስተማርሁት፤ ያቺን አንዲት መሥመር ግን ዘልዬ ነበር የማነበው። ሁሉም ይዘላታል። በየመድረኩ መጋረጃው ተዘግቶ ወዲያው ይከፈታል እንጂ ያን ረጅም ዝምታ የጠበቀው አዘጋጅ አላየሁም። እኔ እንደ ተጻፈው ላደርገው ነው። ደስታዬን ልደብቅዎ አልችልም፤ መጽሐፉን እንደ አዲስ ነው የሰጡኝ።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ አቶ ዳኘው ግን በፍጹም አለ። «ሕዝቡ መብራት ሄደ ብሎ ተነሥቶ ይወጣል» አለኝ፤ አልተሳሳተም፤ እዚህ መብራት ሲሄድ ማን ተቀምጦ ይጠብቃል። ከረጅም ክርክር በኋላ አንድ ጊዜ ልሞክር ፈቀደልኝ። ሰው ከወጣብኝ ክበቡ ይዘጋል፣ አዳራሹም ለስብሰባ ይሰጣል። መብራት ሄደ እንዳይሉ ከመጋረጃው ኋላ አንድ አምፖል ሳይጠፋ እንዲቆይ አዘዝሁ። መጋረጃው ራሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ለዝግጅቱ ብለው አጠቡትና ተኮማተረ፤ አሁን ከወለሉ አንድ ስንዝር ያጥራል። የተዋናዩ እግር ሁሉ ይታያል። እኔ ደግሞ መድረክ ስወጣ ጫማ አወልቃለሁ፤ ልጆቹ ይስቁብኛል። ከእርስዎ ደጅ ያመጣሁት ልማድ ነው፣ አልተወኝም።

አባቴ፣ እንዲመጡልኝ እፈልጋለሁ። ታኅሣሥ 5 ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝምታውን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፤ ሲሆን አጠገቤ ይሁኑ። አንድ ነገርም ልናገርና ይውጣልኝ። የእማዬ አርባ በወጣ ማግሥት በገድሉ ጀልባ ሲሄዱ ወደቡ ላይ ቆሜ ነበር። ዞር ብለው አላዩኝም። መጋረጃ ዘጉብኝ። ከኋላው ምን እንዳለ አሁንም አላውቅም፤ ደሴትዎን ግን በየማለዳው ከመስኮቴ አየዋለሁ።

ሰብለ


ከገዳሙ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

ደብዳቤሽን ለማኅበሩ አላነበብሁላቸውም። መመሪያ ነው ያልሽውን ብቻ ነገርኋቸው። አባ ጊዮርጊስ «እና ታዲያ፣ ግቡ ውጡ የሚለን መመሪያ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ተሳስቻለሁ፤ ግን አልተጸጸትሁም።

ዞር ብለው አላዩኝም ብለሽኛል። አላየሁሽም። ባይሽ አልሄድም ነበር። እናትሽ ካረፈች በኋላ ያ ቤት አላስቆም አለኝ። አንገትሽ የሷ፣ አረማመድሽ የሷ፣ ከጓዳ ስትወጪ እሷ የወጣች እየመሰለኝ ብድግ እል ነበር። እዚህ ግን ልረሳሽ አልመጣሁም። በጧትም በማታም ጸሎት ከስምሽ አስቀድሜ የማነሣው ስም የለኝም። ይህን እስከ ዛሬ ያልጻፍሁልሽ፣ የመነኮሰ ሰው ልጄ ልጄ ሲል ያስነቅፋል ብዬ ነው። ይነቀፍ።

መምጣቱ ግን አይሆንም። ቆብ የደፋ ሰው ቲያትር ቤት ገብቶ ተቀመጠ ቢባል፣ ለኔ ሳይሆን ለገዳሙ ነው ነውሩ። ያውም በጾመ ነቢያት። አበምኔታችን አባ ኃይለ ገብርኤል ጥብቅ ሰው ናቸው፤ ይህን ጉዳይ ይዤ ፊታቸው ብቆም ምን እንደሚሉኝ ሳልጠይቅ ዐውቀዋለሁ። አትጠብቂኝ። ዝምታሽን አታሳጥሪ። መጋረጃውንም ባጠረ አትዘኚ፤ የኛም አርጅቶ ተቀዷል፣ ቅዳሴው ግን አልጎደለበትም።

አባትሽ


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተወደዱ አባቴ፤

ስለ ጻፉልኝ ነገር መልስ ሳልሰጥ ይህን ያህል ቆየሁ። ደጋግሜ አነበብሁት። ከእትዬ አገርነሽ ቤት ሄጄ አለቀስሁ፤ ምን ሆንሽ አለችኝ፣ አባቴ ጻፈልኝ አልኋት፤ «ታዲያ ይኼ ያስለቅሳል?» ብላ እሷም አብራኝ አለቀሰች።

ቅዳሜ ከሰዓት ተውኔቱን አሳየን። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። አቶ ዳኘው በሩ አጠገብ ቆሟል፤ የሚወጣውን ሰው ሊቆጥር ነው ብዬ ጠላሁት። ሔራን ቅሉን ይዛ፣ የልጇን ስም ከእንግዳው አፍ ስትሰማ ፊቷ ላይ የሆነውን እኔ አላስተማርኋትም። ያን ጊዜ ገመዱን ሳብሁ። መጋረጃው ተዘጋ፤ ልጆቹ ወደ ዳር ወጡ።

ገመዱን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ እንደ ልማዴ ጫማዬን አውልቄ ከመጋረጃው ኋላ መካከሉ ላይ ቆሜአለሁ። መጀመሪያ ጸጥታ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ከፊት በኩል አንድ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። አንድ ሰው ተነሣ። ከዚያ ሌላ ወንበር፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ የአዳራሹ ወንበር ሁሉ ግው ግው አለ። ሄዱ አልሁ። አለቀ። ክበቡም አለቀ፣ እኔም አለቅሁ። እንባዬ ወረደ፤ ገመዱን ልስበውና ልገላገል እጄን አነሣሁ። ዝምታሽን አታሳጥሪ ያሉት ትዝ አለኝና ያዝሁት። ባዶ አዳራሽ ቢሆንም ለባዶው እጠብቅለታለሁ አልሁ። ጠበቅሁ።

ወደ ጥግ ገብቼ ስከፍተው ሕዝቡ በሙሉ ቆሞ ነበር፤ መብራቱ ዓይኔን ወግቶኝ የማንንም ፊት አልለየሁም። አንድ ሰው አልወጣም። ቆሞ፣ አንዳንዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ቅዳሴ ጸጥ ብሎ ወደኛ ያያል። ማን እንደ ጀመረው እስከ ዛሬ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ ሁሉም ሌላው ሲነሣ ተነሣሁ ይላል። አቶ ዳኘው በኋላ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። ክበቡ አይዘጋም።

ደስ ብሎኛል። ከፍቶኛልም። ከሰው ሁሉ መካከል እርስዎ ብቻ አላዩም። ሦስተኛው አንድም ተገኝቷል፤ በልምምድ ላይ መጣልኝ፣ ለሔራን አሳየኋት፣ ሠራችው። ቢያዩት ኖሮ ይህ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ሌላ ቀን ልቤ ሲመለስ እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ


ከገዳሙ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰብለ ወንጌል፤

ሦስተኛውን አንድም አትጻፊልኝ። አይቼዋለሁ።

አትጠብቂኝ ብዬ ከጻፍሁልሽ በኋላ አበምኔቱ አስጠሩኝ። አባ ጊዮርጊስ ሄዶ ሁሉን ነግሯቸዋል። ምን ሊሉኝ ነው ብዬ ስቆም፣ ለታኅሣሥ ገብርኤል ጧፍና ዘቢብ ያስፈልገናል፣ ቅዳሜ ከተማ ወርደህ ግዛ አሉኝ። ይህ ሥራ የኔ ሆኖ አያውቅም። እሺ ብዬ ልወጣ ስል «መጋረጃው ሲዘጋ ከኋላው ምን እንዳለ አይተህ ንገረን» አሉኝ። ፊታቸውን ለማየት አልደፈርሁም። ላንቺ ዝም ያልሁሽ ጉልበቴ ይለግምና አስጠብቄሽ እቀራለሁ ብዬ ፈርቼ ነው።

ጧፉን ገዛሁና መጣሁ። ከኋላ ልቀመጥ ስል በር የሚጠብቀው ተማሪ ቆቤን አይቶ እጄን ይዞ እፊት አስቀመጠኝ። ሁሉንም አየሁ። ልጅቱ ቅሉን ስትይዝ እኔም የያዝሁ መሰለኝ። መጋረጃው ሲዘጋ ተነሣሁ።

ልጄ፣ እኔ መጋረጃ ሲዘጋ ሰው ተቀምጦ እንደሚጠብቅ አላውቅም። እኛ ዘንድ የተቀመጠውን ዲያቆኑ ያስነሣዋል፤ ይቆማል። መቋሚያዬን ተደግፌ ቆምሁ። ከአጠገቤ ያለው ጎልማሳ ቀና ብሎ አየኝና ተነሣ። ሚስቱ ተነሣች። ከዚያ ከኋላዬ የሆነውን አንቺ ሰምተሽዋል። ሄዱ ብለሽ ያለቀስሽበት የኔ ወንበር ነው።

ቀጥሎ ያየሁትን ግን በሕይወቴ አልረሳውም። መጋረጃው አጥሯል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ከኋላው አምፖል ይበራል። በዚያች አንድ ስንዝር ክፍተት ሁለት ባዶ እግሮች አየሁ። በግራው ላይ የቡና ጉቶ ጠባሳ አለ። አንቺ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፣ በመካከላችን አንድ ጨርቅ፤ እጄን ብዘረጋ ይደርሳል። አልዘረጋሁም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ያደረግሁት ጸሎት ያለ ቃል ነበር፤ ቃል ፈልጌም አጣሁለት። ተረከዝሽ ከወለሉ ሲነሣ አየሁ። ከዚያ ተመለሰ። ገመዱን ልትስቢ ብለሽ የተውሽው ያኔ ይሆናል።

ሲከፈትም በሩንም ቅሉንም አላየሁም። ባልቴቲቱን አየሁ። በነጠላዋ ጫፍ ከንፈሯን ጠረገች። ሌላ ምንም አላደረገችም። ውኃው የጎደለ ለካ እሷም ጠጥታ ነው። አንድ ቅል ለሁለት ጠጡ፤ እሱ ከጠጣ በኋላ እሷ ጠጣች። ዕድሜዬን ሁሉ መጽሐፍ ሳስተምር ኖርሁ፤ ይህ አንድም አልመጣልኝም ነበር። አንቺ አመጣሽው። ከዚህ ወዲያ ይተርጉሙልኝ ብለሽ አትጻፊልኝ፤ እኔ ነኝ የምጽፍልሽ።

ሳላገኝሽ የሄድሁት ነፋሱ ሊነሣ ነው፣ ከዚህ ካለፈ ሐይቁ አያሻግረንም ብሎ ገድሉ ስላስጠነቀቀኝ ነው። ጀልባው ከወደቡ ሲወጣ ግን ዞር ብዬ አየሁ። ወደ ኮሌጅሽ በኩል፣ ዛፉ እስኪሸፍነው ድረስ አየሁ።

ማኅበሩ ጠብቆኝ ነበር። አበምኔቱም መጥተው ተቀመጡ። አባ ጊዮርጊስ ጧፉን ገና ሳላወርድ «መጋረጃው ሲዘጋ ከኋላው ምን ነበር?» አለኝ።

«ልጄ ቆማ ነበር» አልሁት።

ጆሮው አይሰማም። ጮክ ብዬ ደገምሁለት።

አባትሽ